ተሸካሚ የሚሻ ጣዖትና ሕዝቡን የሚሸከም አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ትርጓሜ ነቢያትን የሚማር ሰው ነቢያቱ የገሠጿቸውን አሕዛብ ታሪክ ቢመረምር የትንቢቱ ኃይል ይገለጥለታል እንጂ አይቀነስበትም። ለዚህም የኢሳይያስ 46ኛ ምዕራፍ ምስክር ነው።

በዚያ ምዕራፍ ነቢዩ ቤልና ናባው እንደሚዋረዱ፥ ምስሎቻቸውም ለደከሙ እንስሳት ሸክም እንደሚሆኑ ይናገራል። ቤል የተባለው የባቢሎን ዋና ጣዖት ማርዱክ ነው። ናባውም የማርዱክ ልጅ ይባል የነበረ፥ በአጠገቧ በቦርሲጳ ከተማ የሚመለክ የጽሕፈት ጣዖት ነው። በየዓመቱ መባቻ፥ በኒሳን ወር፥ ናባው ከቦርሲጳ ወደ ባቢሎን ይመጣ፥ ማርዱክም ከመቅደሱ ወጥቶ በታላቅ ሰልፍ ይዞር ነበር። ነቢዩ ግን በዚህ ሁሉ ክብር ውስጥ ድካሙን አየ፤ ሰው ካላነሣው የማይነሣ ማንን ያድናል?

የሆነውም እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቦኒዱስ የየከተማውን ጣዖታት ሰብስቦ ወደ ባቢሎን አስገባ፤ በዚያው ዓመት ግን የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ከተማይቱን ያዛት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በባቢሎን የተገኘው፥ በሎንዶን ቤተ መዘክር የሚገኘው የቂሮስ የሸክላ ጽሑፍ ጣዖታቱን ወደየስፍራቸው እንደ መለሰ ይናገራል። እንግዲህ ሲሸሹም ሲመለሱም የተሸከማቸው ሰው ነው።

ይኸው ጽሑፍ ቂሮስን የጠራው ማርዱክ ነው ይላል፤ ኢሳይያስ ግን የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል (45፥1-4)። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ አትደናገጥ። ድል አድራጊው በባቢሎን ሲነግሥ በባቢሎን ጣዖት ስም ተናገረ፤ የማርዱክ መቅደስ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ የእስራኤል አምላክ ግን ይመለካል።

ነገር ግን በባቢሎናውያን ብቻ አንፍረድ። እኛም በጥምቀት በዓል ታቦቱን በካህናት ራስ እናወጣለን። ይህንም የምናደርገው እግዚአብሔር ተሸካሚ ሽቶ ሳይሆን ወደ እኛ መምጣቱን ለመመስከር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው አፍኒንንና ፊንሐስን ያስብ፤ በኃጢአታቸው ሳሉ ታቦቱን ወደ ጦርነት ይዘው ቢወጡ ሞቱ እንጂ አልዳኑም። ታቦቱ ግን በምርኮ ሳለ ያለ ሰው ረዳት ዳጎንን ጣለው (1ኛ ሳሙ. 4 እና 5)።

እግዚአብሔር ወገኖቹን ከማኅፀን እስከ ሽበት የሚሸከም እርሱ እንደ ሆነ በዚያው በ46ኛው ምዕራፍ ነግሮናል፤ በመጨረሻም ኃጢአታችንን በመስቀል ተሸከመ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ገንዘብም ቢሆን ሹመትም ቢሆን፥ እኛ ካልደገፍነው በሚወድቅ ነገር ላይ ተስፋችንን ጥለን እንደ ሆነ እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።