ዐቢይ ጾምና ወደ አባት ቤት መመለስ



ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ዐቢይ ጾምን የምታውጅልን ከኃጢአት ርቀን ወደ እግዚአብሔር እንድንመለስ ነው። በላቲን ሥርዓት በዐመድ ረቡዕ ከነቢዩ ኢዩኤል የሚነበበው ቃል በጾምና በእንባ፣ በፍጹም ልብ ወደ አምላካችን እንድንመለስ ይጠራናል። ነቢያቱ በዕብራይስጥ ንስሐን የጠሩበት ቃልም ቢሆን ትርጉሙ መመለስ ነው። እንግዲህ ጾሙ መንገድ፣ መድረሻው ደግሞ የአባት ቤት ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስ ሰው ምን ይዞ መግባት ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች እንግዳ አይደለም። ቡናው ሲቀላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ከቅርብም ከሩቅም ብዙ ሰው ለለቀማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ጌራ ይመጣል። ለቃሚው በለቀመው እሸት ቡና መጠን በኪሎ ይከፈለዋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንዲገኝ ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋልና፣ ለቃሚው ድካሙ በሚዛን ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያንስ ያውቀዋል። ለቀማው አልቆ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ዐቢይ ጾም ይገባል። በዚያን ጊዜ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረው ወደ አገሩ ገብቷል፤ ያልቋጠረው ግን ከከተማ ይቀራል። የሚያስቀረውም የመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን ባዶ እጁን የመግባት ኀፍረት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ይኸው ኀፍረት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ገባ። ከጅማ አካባቢ ወደዚያ የሄዱት ወጣቶች ብዙዎች ነበሩና፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከለበሱት ልብስ በቀር ይዘውት የመጡት የሌላቸው ነበሩ፤ ለመንገዱ የተወሰደው ብድርም ገና ያልተከፈለባቸው ነበሩ። ከመከራ ተርፎ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይዘህ መጣህ?» ከሆነ፣ ያ ልጅ አገሩ ገባ እንጂ ቤቱ ገባ ለማለት ያስቸግራል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የነገረን የጠፋው ልጅ ታሪክ ይህን ኀፍረት በሚገባ ያውቀዋል። ልጁ ከመነሣቱ በፊት የሚናገረውን ሲያሰናዳ ሦስት ነገሮችን ያስባል፤ በደሉን ይናዘዛል፣ ልጅ መባል እንደማይገባው ይናገራል፣ በመጨረሻም እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲቆጠር ይለምናል። ከአባቱ ፊት ሲደርስ ግን ሦስተኛውን ሳይናገር አባቱ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ እንዲመጣ ያዛል። ልጁ ልጅነቱን በደመወዝ ለመለወጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አባቱ ግን ይህን ውል አልተቀበለውም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ መለኮታዊ ምሕረት በጻፉት መልእክት እንዳስተማሩት፣ አባቱ ለአባትነቱ ታማኝ ነው። ልጁ ሀብቱን አባክኖ ይሆናል፤ ልጅነቱ ግን በእጁ ያለ ገንዘብ አልነበረምና ሊያባክነው አልቻለም።

ታላቁ ወንድምስ? እርሱ ከቤት አልወጣም፤ ሆኖም የሚናገረው ያንኑ የደመወዝ ቋንቋ ነው። ያገለገለበትን ዘመን ይቆጥራል፤ ያልተሰጠውንም ጠቦት ይቆጥራል። ታናሹ ደመወዝ ለመጠየቅ አስቦ መጣ፤ ታላቁ ደመወዝ ቀረብኝ ብሎ ከደጅ ቆመ። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡም ከአባት መራቅ ይቻላል። ሥጋና ወተት ትተን፣ ጸሎታችንን ሳናጓድል ቆይተን፣ በመጨረሻ ቀኖቹን እንደ ተለቀመ ቡና በሚዛን ላይ አውጥተን ከእግዚአብሔር ዋጋ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ከታላቁ ወንድም ጋር ከደጅ ቆመናል።

ምናልባት «ታዲያ ጾምና ካሣ ምን ይጠቅማሉ? የበደለ ሁሉ እንዲሁ ይግባ ማለት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሚዛን አጭበርብሮ የለቃሚውን ኪሎ የቀነሰ ነጋዴ፣ የወሰደውን ሳይመልስ ጾሜያለሁ ቢል ራሱን ያታልላል። ነገር ግን የዘኬዎስን ታሪክ እናስተውል። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው ጌታ ወደ ቤቱ ከመጣ በኋላ ነው እንጂ ጌታን ወደ ቤቱ ለማስገባት የከፈለው ዋጋ አይደለም። ካሣ የመግቢያ ክፍያ ሳይሆን የመግባት ፍሬ ነው፤ ፍሬ ያልታየበት መግባት ግን አጠራጣሪ ነው። ጾምም እንዲሁ ነው፤ እግራችንን ወደ ቤት የምናነሣበት እርምጃ እንጂ በሩን የምንገዛበት ገንዘብ አይደለም።

የግእዝ ሥርዓት የጾሙን የመጀመሪያ እሑድ «ዘወረደ» ብሎ መሰየሙ ትልቅ ትምህርት ነው። ስያሜው የሚናገረው ከሰማይ ስለ ወረደው ጌታ ነው። እኛ ለመመለስ ሳንነሣ እርሱ ወደ እኛ መጥቷል፤ አባቱም ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጦ ተቀብሎታል።

ስለዚህ፣ ውድ ምእመናን፣ በዚህ ጾም ሁለት ነገር እንድናደርግ አደራ እላለሁ። ባዶ እጃችንን በመሆናችን አፍረን ከምሥጢረ ንስሐ የራቅን፣ እጃችን እስኪሞላ ሳንጠብቅ እንቅረብ። ከቤት ያለን ደግሞ፣ በኀፍረት ምክንያት ከከተማ የቀረውን ልጃችንን፣ ወንድማችንን ወይም እኅታችንን ፈልገን፣ ከትንሣኤ በፊት «ምንም ሳትይዝ ና» የሚል መልእክት እንላክበት። ሲመጣም ቡና ይፈላለት፤ ስለ ገንዘብ የሚጠይቀው አይኑር። እግዚአብሔር የተቀበለንን ያህል እርስ በርሳችን ስንቀባበል፣ ጾማችን ወደ አባት ቤት ያደርሰናል።

የእግዚአብሔር ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።