«በኋላ» ማለት «እሺ» ነው እንዴ?

ሰው ሥራውን ሊሠራ የቤቱን ኮምፒውተር ሲከፍት፣ ማሳሰቢያ ብቅ ይልበታል፤ «አሁን ላሻሽል ወይስ በኋላ ላስታውስህ?» ይለዋል። «አልፈልግም» የምትለዋ ምርጫ ብዙ ጊዜ የለችም።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ነገር ባሰ። የዊንዶውስ 10 ማሳሰቢያ ላይ የ«ኤክስ» ምልክቷን ተጭኖ መዝጋት የተያዘውን ቀጠሮ አይሰርዝም ነበር። ሰዉ «ተወኝ» ሲል ኩባንያው «እሺ» ብሎ ሰማ። ቅሬታው ሲበረታ፣ በሰኔ እምቢ ማለት የሚቻልበት ምርጫ እንደሚጨምር አስታወቀ።

እኛስ «በቃኝ» ያለውን እንግዳ «በሞቴ» እያልን እናጎርስ የለ? እናጎርሳለን። ግን የምናጎርሰው ከራሳችን ማዕድ ነው። ኩባንያው የሚቆርሰው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ማዣንግ ዞን፣ መቲ ተቀምጦ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ጥቂት ጊጋባይት ገንዘብ ነው።

እርግጥ ማሻሻል ይጠቅማል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አላሻሽልም ያለ ሰው ለቫይረስና ለሌባ ይጋለጣል። ይህንን በግልጽ መንገር ደግ ነው። ነግሮ ሲያበቃ ግን ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ይገባል። «እምቢ» የማይባልበት ጥያቄ፣ ጎበዝ፣ ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አይደለም።