ምእመን ወይስ ተመልካች?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ጣሪያዎች ላይ ያሉት ዲሾች ለዓመታት ፊታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮሳት መዛወር ሲይዙ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት መዞር ግድ ሆነ። ዲሽ የሚያስተካክሉ ወጣቶችም መሰላል ተሸክመው ከቤት ቤት ዞሩ።

ወደ ዲጂታል ለመሻገር የታቀደው መንገድ ግን ሌላ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት አፍሪካን ጨምሮ በበርካታ አገሮች የአናሎግ ስርጭት በዋናነት ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. እንዲያበቃ ቀን ቆርጦ ነበር። ኢትዮጵያ አልደረሰችበትም። ብዙ ቤተሰብ ግን መንግሥትን ሳይጠብቅ በዲሽና በሪሲቨር ራሱን ወደ ዲጂታል አሻገረ። በአናሎጉ ዘመን ምስሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ሲሸፈን አንዱ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ከውስጥ «መጣ! አይ፣ ሄደ!» ይባላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው ስለነበር ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚያየው አንድ ነገር ነበር። ሪሲቨሩ ከገባ በኋላ ጥራቱ ጨመረ፣ ምርጫውም በዛ። ከምርጫዎቹ መካከል ሌሊትና ቀን የሚሰብኩ ጣቢያዎች አሉ።

እነዚህ ጣቢያዎች የመጡት በሰማይ መንገድ ነው። አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሃይማኖት ድርጅቶች የብሮድካስት ፈቃድ እንዳያገኙ ይከለክል ስለነበር ስርጭታቸው ከውጭ በሳተላይት ይገባ ነበር። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ሲተካ ሰባኪው ከሳሎን ከገባ ቆይቷል። ታዲያ በሪሞት እየመረጠ ስብከት የሚሰማ ሰው ምእመን ነው ወይስ ተመልካች?

ጥያቄው እነዚህ ከተሞች ባሉባቸው በሀዲያና በከምባታ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የፕሮቴስታንቱ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ሆሳዕና አካባቢ ሥራ የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ከአገር እንዲወጡ ሲገደዱ ብዙዎች አዲሱ እምነት ይከስማል ብለው ሰግተው ነበር። ሆኖም የአገሬው ወንጌላውያን በእግራቸው ከመንደር መንደር ይዘውት ሄዱ፤ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ትተውት ከሄዱት እጅግ የበዛ ምእመን ነበር። በዚህ መንገድ በተተከለ ጉባኤ ሰሚው የሰባኪውን ትዳርና እርሻ ያውቃል፤ ሰባኪው ቢያጠፋም ተጠያቂነቱ ለሽማግሌዎች ነው። የስክሪኑን ሰባኪ ግን ከሆሳዕና ማን ጠርቶ ሊመክረው ይችላል?

ቴሌቪዥን ማሰባሰብ አይችልም ማለት ግን ስህተት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የጸሎት ቤቶችን በር ሲያዘጋ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከመጋቢት 28 ጀምሮ የአንድ ወር አገር አቀፍ ጸሎት አወጀ። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩ በየተራ በቴሌቪዥን ጸለዩ። አራቱም አብረው በሚኖሩባቸው በእነዚህ ከተሞች፣ የጎረቤትን ጸሎት ከገዛ ሳሎን ሆኖ እስከ መጨረሻው መስማት ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ጉዳዩን ቀድማ አስባበታለች። የፍራንቸስካውያን እህት የነበረችው ቅድስት ክላራ በ1252 እ.ኤ.አ. የገና ሌሊት ታማ ተኝታ ሳለ ቅዳሴውን ካለችበት ሆና እንዳየችና እንደሰማች ይነገራል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም በ1958 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት ብለው ሰየሟት። በከምባታና በሀዲያ የካቶሊክ እምነትን ያስፋፉት ካፑቺኖችም ከዚያው ከፍራንቸስካውያን ቤተሰብ ናቸው። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ግን ቁርባን በስክሪን አይተላለፍም ትላለች፤ ለታመመ ሰው ቁርባኑን ይዞ የሚሄደው ካህን ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሰባኪው ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳለቀሰ አያይም። ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሆሳዕና መባ ሊወስድ ይችላል፤ መባውን የሰጠችው እናት ስትሞት ድንኳን የሚተክለው ግን ዕድሯ ነው። ስለዚህ ስብከቱን መስማት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም መውጣት ላቃተው ትልቅ በረከት ነው። ጉባኤ የሚሆነው ግን የሚያውቅህ ሰው ሲኖርበት ነው። የአጥቢያ ሽማግሌዎች አልጋ የያዙ ሰዎችን ለመጠየቅ ስም ዝርዝር ሲያወጡ «እሷ እንኳ ቴሌቪዥን አላት» ብለው አንዲት አሮጊት እንዳይዘሉ አደራ።