ባለ ሦስት ግድግዳው ቤት

ሰው የማይኖርበትን ቤት ሠርቶ «ይኸውላችሁ፣ ሰው ይኖርበታል» ማለት ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። እኔም መዶሻ ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለ ቤት እስክሠራ ድረስ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጓደኛሞች ከየኪሳችን አዋጥተን የ12 ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ተነሣን። ታሪኩ እንጀራ እየሸጠች ልጇን የምታስተምር፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። «ታዲያ እውነተኛ ቤት ለምን አትለምኑም?» የሚል አይጠፋም። ለምነን ነበር። ግን ሦስት በአራት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ አልጋው፣ ምድጃውና ሰዎቹ ከገቡ በኋላ ካሜራው ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ፀሐይዋም በመስኮት ገብታ ብዙ ሳትቆይ ትዞራለች፤ ጠዋት የተጀመረ ንግግር ከሰዓት በኋላ ሲቀጥል የሌላ ቀን ይመስላል። የጎረቤት ራዲዮ አለ። ከሁሉም በላይ ባለቤቶቹን ለሦስት ቀን ወዴት ልናስወጣቸው ነው? ስለዚህ አንድ ባዶ መጋዘን ለምነን ቤቱን እዚያ ውስጥ ልንሠራ ወሰንን። የግድግዳው ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሞራሌ በአራት ማዕዘን ትመታለህ፣ ችፑድ ታለብሰዋለህ፣ ከኋላ በሰያፍ እንጨት ትደግፈዋለህ፣ እንዳይወድቅም በድጋፉ እግር ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ትጭናለህ። አራተኛው ግድግዳ አይሠራም፤ ካሜራው የሚቆመው እዚያ ነው። ኮላና ሰጋቱራ ከቀለም ጋር ስትለውሰው ጭቃ ይመስላል። የቡና አተላ ውሃና ጥቀርሻ ደግሞ በአንድ ቀን ሃያ ዓመት ያስረጃሉ። አሮጌ ነገር በሁሉም ቦታ እኩል አያረጅም፤ እጅ በሚነካው፣ ጭስ በሚሄድበት፣ ውሃ በሚረጭበት ነው የሚያረጀው። ስለዚህ የበሩን ጠርዝ እጅ በሚይዘው ቁመት ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፤ ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ አጠቆርሁት።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሥራው ጣመኝ። የአቡጀዲውን ኮርኒስ በምላጭ ቀደድሁትና ጨርቁ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ከቀዳዳው ሥር የዝናብ መቀበያ ሣህን አስቀመጥሁ። ልስኑን በሦስት ቦታ ላጥሁት፤ የመስኮቱን መስተዋት ሰብሬ ቡትቶ ወተፍሁበት። ጓደኞቼ መጥተው አዩና «አንጀት ይበላል!» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ።

ጀበናውን፣ ምድጃውንና አገልግሉን ያዋሱን በሰፈሩ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ቀረጻው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ዕቃቸው በደህና መያዙን ሊያዩ መጡ። ግድግዳ በሌለው በኩል ቆመው ዝም ብለው አዩ።

«የማን ቤት ነው?» አሉ።

«እማማ፣ የአንዲት ደሃ እናት ቤት ነው። እንደ እርስዎ እንጀራ የምትሸጥ» አልኋቸው።

ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩት። «ታዲያ እዚህ ቤት መርፌ የለም?»

መልስ አጣሁ።

«ልጄ፣ የተቀደደ ኮርኒስ እያየ ማን ይተኛል? አይጥ ይወርድበታል እኮ። ይጣፋል። ግድግዳውም ቢያንስ ለዓመት በዓል ይለቀለቃል። ይቺ ሴትዮ ታማለች?» አሉ። ሲወጡ ደግሞ ችፑዱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይህን ሁሉ ለሦስት ቀን ብላችሁ ነው?» አሉና ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ መጋዘኑ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ጓደኛችን፣ «ካሜራ ጣፍ አያነብም። ያለን 12 ደቂቃ ነው፤ ቀዳዳ ቶሎ ይናገራል» አለ። ሌላው ቀጠለና፣ «የድሃው ብሶት ካልተጋነነ ማን ይሰማል? እኛ የምንዋሸው ለእሳቸው ብለን ነው» አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ «ኧረ ተዉ፣ ቤቱ ሲጀመር ከሰጋቱራ የተሠራ ነው፤ ስለ የትኛው እውነት ነው የምታወሩት?» ብላ ሳቀች።

ከሦስቱ ያስጨነቀኝ የሦስተኛዋ ነው። ሰጋቱራው ውሸት ከሆነ የተቀረው ሁሉ ድርድር ነውና። ግን ውሸት ነው? እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል» በተባለው የጀርመን ፊልም ውስጥ ጥላዎቹ ሳይቀሩ በቀለም የተሳሉ ናቸው፤ ቤቶቹ ሁሉ የተንጋደዱ ናቸው። የታለለ ተመልካች የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላርስ ፎን ትሪየር «ዶግቪል»ን ሲሠራ ግድግዳ የሚባል ነገር ትቶ የመንደሩን ቤቶች ወለሉ ላይ በነጭ መስመር አሰመራቸው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ሲቲዝን ኬን» የሚታዩት ኮርኒሶች፣ የድምፅ መቅረጫው ከበላያቸው እንዲደበቅ በጨርቅ የተሠሩ ነበሩ፤ ልክ እንደ እኛ ሰፈር ኮርኒስ። በሌላ በኩል ሃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአገራችን ገጠር፣ ተዋናይነት ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች ሠራው። አንዱ ቀለም ቀባ፣ ሌላው ምድሩን እንዳለ አነሣ። ሆኖም እውነተኛ ቤት ውስጥ ገብቶም መዋሸት ይቻላል፤ ካሜራውን ወደ ቀዳዳው አዙሮ ጣፉን ከሥዕሉ ውጭ ማስቀረት ነው። እንግዲህ የእውነትና የውሸት ድንበር ያለው በጭቃና በሰጋቱራ መካከል አይደለም። ታዲያ የት ነው ያለው?

እዚህ ላይ ፕላቶ ትዝ አለኝ። በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ ስለ ሦስት አልጋዎች ይናገራል፤ አምላክ የሠራው፣ አናጢው የሠራውና ሠዓሊው የሣለው። ሠዓሊውን ከእውነት እጅግ የራቀ ብሎ ይነቅፈዋል። ብዙዎቻችን ከትምህርቱ ይዘን የቀረነው ይህን ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጥበቦች አሉ ይላል፤ የሚጠቀምበት፣ የሚሠራውና የሚቀዳው። ከሦስቱ ዕቃውን በእርግጥ የሚያውቀው የሚጠቀምበት ነው። ዋሽንት ሠሪ የትኛው ዋሽንት ደግ እንደሆነ ከነፊው ይሰማል። ቀጂው ግን ማንንም አይጠይቅም።

አየህ፣ ጥፋቴ መቅዳቴ አልነበረም፤ አለመጠየቄ ነበር። ምድጃቸውን ከቤታቸው ተሸክሜ ሳመጣ ኮርኒሳቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። ስለ ድህነት አውቃለሁ ብዬ ያሰብሁትን ችፑድ ላይ ለጠፍሁ እንጂ እሳቸው የሚያውቁትን አልጠየቅሁም። ቀዳዳ ድህነት በሰው ላይ የሠራውን ያሳያል፤ ጣፍ ግን ሰው በድህነት ላይ የሠራውን ያሳያል። እኔ ሁለተኛውን ሰርዤ የመጀመሪያውን ብቻ አስቀረሁ። ልጇን በእንጀራ ሽያጭ የምታስተምር ሴት ከኮርኒሷ ጋር እንዲህ ተሸንፋ የምትኖር ከሆነ ታሪካችንም ራሱ አይቆምም።

«ለእሳቸው ብለን ነው የምንዋሸው» ላለው ጓደኛዬ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ስለ አንድ ሰው ሰሚ ለማግኘት ሰውየውን እጅና እግር የሌለው ማስመሰል ካስፈለገ፣ የሚሰማው ስለ ሌላ ሰው ነው። የሚታዘንለትም እሱ አይደለም።

ሌሊቱን መርፌና ክር አመጣን። እማማ በማግሥቱ ጠዋት መጥተው አንድ እጅ አሳዩን፤ እራፊው ከላይ እንዳይሆን ከሥር ነው የሚገባው። የግድግዳውን የታች ግማሽ ለቀለቅነው፤ ቡትቶው ወጥቶ በመስኮቱ ላይ ካርቶን በሥርዓት ተቆርጦ ገባ። ምድጃው እንኳ ቦታውን ለወጠ፤ እኔ ያስቀመጥሁት በሩ ሲከፈት ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነበር። በዚህ ሁሉ አንድ ቀን ዘገየን፤ መብራቱን ለአንድ ቀን ጨምረን ተከራየን፤ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን እስከ ማታ አኩርፎ ዋለ።

ፊልሙ ሲታይ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ቤቱ በቂ ደሃ አልመሰለም» ብሎ ተቸ። ጓደኛዬ «ነግሬህ ነበር» በሚል ዓይን አየኝ። ጣፉን ያየ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት ካሜራ ጣፍ አያነብም ያለው ልክ ነው። ታዲያ የሚቀጥለው ሥራችን ካሜራውን ማንበብ ማስተማር ነው እንጂ ኮርኒሱን መቅደድ አይደለም።

የእማማ ሁለተኛ ጥያቄ ግን አሁንም አለ። ያ ሁሉ ችፑድ ለሦስት ቀን? ቤቱን ስናፈርስ ደህና ደህናውን ወስደው ማድ ቤታቸውን ጋረዱበት፤ ተሸክመን ያደረስነው እኛው ነን። ይህን የምጽፈው ልመሰገንበት አይደለም፤ የተረፈ ነገር መስጠት መልስ አይሆንምና። ከሰው ጉድለት አጠገብ ቆሞ የውሸት ቤት የሚሠራ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውን በእንጨት የሚከፍል አይመስለኝም፤ ቢያንስ ቤቱን በሚያውቀው ሰው ፊት አቁሞ «ትክክል ነው?» ብሎ በመጠየቅ ግን መክፈል ይጀምራል። ጥበብ ማንንም የመጠየቅ ግዴታ የለባትም የሚል ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አነበዋለሁ።