ጸሎትና ነፃ ፈቃድ

«ልጄ ከክፉ መንገድ እንዲመለስ ብጸልይ፥ እግዚአብሔር በግድ ይመልስልኛልን?» ብለው እናቶች ይጠይቁናል። በሐዲያ ምድር ያለችው የሆሳዕና ከተማ ስምዋ መልሱን ያመለክተናል፤ ትርጓሜው «እባክህ፥ አሁን አድን» ነውና፥ ስምዋ ራሱ ጸሎት ነው። ኢየሩሳሌም በዚህ ቃል ጌታችንን ተቀበለች፤ እርሱም ሊሰበስባት ወደደ፤ እርስዋ ግን እንቢ ባለች ጊዜ አለቀሰላት እንጂ አላስገደዳትም።

በዚያው በሐዲያና በከምባታ ያለ ገበሬም እንሰቱን ተክሎ ዓመታት ሲጠብቅ ዝናም ይለምናል፥ መኰትኰቱንም አይተውም፤ ዝናሙ ስለ ወረደለት እጁ አልታሰረም። እንዲሁም ጸጋ ፈቃድን ያለመልማል እንጂ አይነቅልም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ስለ ጠፋው ልጅ ስንጸልይ ልቡ እንዲበራለት እንለምን፤ ሲመለስም እንዲገባ በራችንን ክፍት እናድርግ። ለዚህም ቸሩ አምላክ ይርዳን፤ አሜን።