የሕፃን «እሺታ» እና የሕፃን ዝምታ

በአገራችን «እሺ» ማለት የጨዋነት ምልክት ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ታላቅ ሲጠይቀን እምቢ ማለትን ከነውር እንቆጥረዋለን። ይህ መልካም ልማድ ግን ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት የሚያጠኑ ሰዎች ወደ መንደራችን መጥተው የወላጅንና የልጅን ፈቃድ ሲጠይቁ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ጥያቄው የተመራማሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነው ነበር። ዳሩ ግን እናቶችን የሚሰበስበው፣ ቤት ለቤት የሚመራው፣ «እንግዶቹ ደጎች ናቸው» ብሎ የሚመሰክረው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ መምህር ወይም የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነው። እኛው ነን ማለት ነው።

ለአብነት ያህል በሐሳባችን ከደባርቅ ተነሥተን፣ የሰሜንን ተራሮች አልፈን፣ ወደ በየዳ እንውጣ። ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 4,533 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታይበት በዚያ የገብስ አገር የአምስት ዓመት ልጅ ግልገል ይጠብቃል። አንድ ተመራማሪ ከቀበሌው ሰውና ከመምህሩ ጋር ሆኖ ወደዚህ ልጅ ቤት ደረሰ እንበል። ወረቀቱን አውጥቶ ተሳትፎው በፈቃደኝነት እንደ ሆነ፣ በማናቸውም ጊዜ ማቋረጥ እንደሚቻል፣ እምቢ በማለት የሚቀር ጥቅም እንደሌለ ያነባል። እናቲቱም «እናንተ ካላችሁ ምን ገዶኝ» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። ይህ ፈቃድ ነውን? የእንግዳ ክብር፣ ይሉኝታ፣ የቀበሌው ሰው ፊት፣ ምናልባትም ስንዴና ዘይት ይመጣ ይሆናል የሚል ተስፋ በአንድነት ያስታተሙት ጣት ነው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ነገር ግን እርስዋ የሰማችው ሌላ ነው።

ይህ ችግር በአገራችን በተግባር ታይቷል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ተጀምሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። በኢትዮጵያ የተመረጡት በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ከሚገኙ 20 ሥፍራዎች ወደ 3,000 የሚደርሱ ልጆች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 2,000 ያህሉ ጥናቱ ሲጀመር የአንድ ዓመት ሕፃናት ነበሩ። አጥኚዎቹ ስለ ሥነ ምግባር ባወጡአቸው ጽሑፎች ቤተ ሰቦች ጥናቱን ከእርዳታ ጋር እያምታቱ ድጋፍ ይጠብቁ እንደ ነበር አልሸሸጉም። እንዲህ ያለውን ችግር በግልጽ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። የልጆቹንና የመንደሮቹን ስም ለውጠው ማተማቸውም ተገቢ ነበር። ሆኖም ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ስምን መለወጥ ብቻውን ብዙ አይሸሽግም፤ «የቄሱ ልጅ፣ እግሯን የምታነክሰው» ከተባለ የማያውቃት የለም።

ወደ አኃዙ እንለፍ፤ የሥነ ምግባሩና የአጠናን ዘዴው ጥያቄዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነውና። እነዚያ ታናናሾቹ ልጆች አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የቃላት እውቀታቸውን የሚለካ የሥዕል ፈተና ቀረበላቸው። ፈታኙ አንድ ቃል ይጠራል፣ ልጁም ከአራት ሥዕሎች መካከል አንዱን ያመለክታል። ፈተናው በመጀመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካን አገር ሲሆን ወደ አገራችን ቋንቋዎች ተመለሰ። አጥኚዎቹ ራሳቸው የአንዱን ቋንቋ ተናጋሪዎች ውጤት ከሌላው ጋር ማወዳደር ጥንቃቄ እንደሚሻ አስጠንቅቀዋል። አሁን ያን የበየዳ እረኛ እናስበው። ብዙውን ሥዕል አይቶት አያውቅም። አይቶትም ቢሆን የማያውቀው ታላቅ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ዝም ማለትን ተምሯል። ፈታኙ «አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። እርሱ ግን ከሃያ ግልገል መካከል የጠፋውን በመልኩ ለይቶ የሚጠራ ልጅ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ የዘዴ ጉድለት ብቻ አይደለም። ድሃውን ልጅ የሌለበትን ድንቁርና በጽሑፍ ማሸከም በደል ነው፤ ጽሑፉም ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ደርሶ ስለ አካባቢው ልጆች ይመሰክርበታል።

ከዚህ እጅግ የከፋም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ በአይዋ ግዛት ዌንዴል ጆንሰን በተባለ ምሁር መሪነት በ22 ወላጅ አልባ ልጆች ላይ ሙከራ ተካሄደ። አነጋገራቸው ደኅና ለሆነ አንዳንድ ልጆች ሆን ተብሎ «ትንተባተባላችሁ» ይባሉ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መናገርን ፈሩ፣ በትምህርታቸውም ወደ ኋላ ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው፤ ግዛቲቱም በ2007 ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ልጆቹ የተወሰዱት ከማሳደጊያ ነበር፤ ስለ እነርሱ «አይሆንም» የሚል እናት አባት አልነበራቸውም። በየዳ ያለው ልጅ እናት አለችው፤ ነገር ግን እናቲቱ እምቢ ለማለት ካፈረች በምን ይለያል?

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲደመጥ ያዝዛል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ይደነግጋል። ለሕክምና ምርምር የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ደግሞ በኋላ በተሻሻለው ቃሉ፣ ራሱን ችሎ መፍቀድ የማይችል ሰው እንኳ አልፈልግም ካለ እምቢታው እንዲከበር ይጠይቃል።

እንግዲህ አጥኚዎች ሲመጡ እኛ ምን እናድርግ? በሩን እንዝጋ አንልም፤ ማንም ያላጠናው ልጅ ማንም የማያስብለት ልጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እናቲቱ በምትጠየቅበት ጊዜ አጠገቧ መቆማችን እርዳታ ሳይሆን ጫና መሆኑን እንወቅ። እንግዳውን አስተዋውቀን እንውጣ። «ዛሬ አትመልሺ፤ ከባልሽ ጋር ተማክረሽ ነገ ንገሪያቸው፤ እምቢ ብትዪ ማንም አይቀየምሽም» ማለት የሚችል ሰው ቢኖር እኛ ነን፤ ቃላችንም የሚታመነው በእውነት ሳንቀየም ስንቀር ነው። አጥኚውንም፣ ልጁ ፊቱን አዙሮ ወደ ግልገሎቹ ቢሮጥ፣ ይህን በየትኛው ሣጥን እንደሚጽፈው እንጠይቀው። ቅጹ «አያውቅም» የሚል ሣጥን አለው፤ «አልፈለገም» የሚልም አለው ወይ?