በዓል እንዴት ይደርሳል?

ዓውደ ዓመት ሲቃረብ «መጣ» ከማለት «ደረሰ» ማለት ይቀናናል። ፋሲካ ደረሰ፣ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ላይ ላዩን ሲያዩት የመንገደኛ ግስ ነው፤ ከሩቅ የተነሣ እንግዳ ደጃችን ላይ ቆመ እንደ ማለት። ይኸው ግስ ማሳ ሲገባ ግን «ሰብሉ ደረሰ» ይሆናል፣ ማጀት ሲገባ ደግሞ «ወጡ ደረሰ፣ ጠላው ደረሰ»። ሥጋ ሲከፋፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው «ድርሻ» ይባላል፤ ቃሉ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ቤቱ ጎርፍ የገባበት ሰው የሚጮኸውም «ድረሱልኝ!» ብሎ ነው፤ የሚሰማው ካጣ «ደራሽ የለውም» እንላለን። መብሰል፣ መምጣት፣ መከፋፈል፣ መርዳት፣ አራቱም በአንድ ግስ ታቅፈዋል። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አንድ የቆየ ጥያቄን ለመፍታት የሚረዳ ቁልፍ ሆኖ ይታየኛል፤ በቤት በእጅ የሚዘጋጅ ዓውደ ዓመት ከሱቅ ከሚገዛው በምን ይለያል? የተለመደው መልስ ጣዕሙን ወይም ባህል ጠባቂነቱን ያነሣል። ሁለቱም ሩቅ አያስኬዱም። ጎበዝ ምግብ ቤት ከብዙ ቤት የተሻለ ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ «ባህል ነው» ማለትም ነገሩ ለምን እንደሚጠቅም አይነግረንም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። በእጅ የሚሠራው በዓል በአራቱም ትርጉሞች ይደርሳል፤ ተገዝቶ የሚያልቀው ግን መምጣቱን ብቻ ይመጣል።

ከመብሰል እንጀምር። ለፋሲካ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሥራዋን የምትጀምረው ጾሙ ገና ሳይፈታ ነው። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ቂጣው ይከተላሉ፤ ከዚያ እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃው ተሞልቶ ጋኑ ይከደናል። በየመካከሉ እጅ ሥራ ፈቶ የሚጠብቅባቸው ቀናት አሉ፤ እነዚህ ቀናትም የሥራው አካል ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ጥንስስ መባሉ ያለ ነገር አይደለም፤ ፅንስን ያስታውሳል፤ ፅንስ ደግሞ አይቻኮልም። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስልቶ ይነግረናል፣ ጾሙም 55 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቀኑን ማወቅና የቀኑን መቅረብ በአፍንጫ ማወቅ ለየቅል ናቸው። የልጆቹም ሥራ እንዲሁ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ ጅራፉ ግን ተገምዶ መጮህ የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ነው። በሆሳዕና ሳምንት ዘንባባው ቀለበት ሆኖ ጣት ላይ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩት የአበባና የመልአክ ሥዕል በጳጉሜን ዝናብ፣ ወለል ላይ በደረት ተኝተው ቀለም የተቀቡት ነበር። ዛሬ ታትሞ ይሸጣል፤ እውነቱን ለመናገር የታተመው ከብዙዎቹ የእጅ ሥዕሎች ያምራል። የልጁ መልአክ አንድ ክንፉ ከሌላው ይረዝማል፣ ቢጫውም ከመስመር ይወጣል። ግን ልጁ ያንን መልአክ ሲቀባ ከጳጉሜን ወደ መስከረም በራሱ እጅ ተሻግሯል። የታተመውን የገዛው ልጅ መስከረም 1 ቀን ጧት ነው ከበዓሉ ጋር የሚተዋወቀው። መብሰልን የሚያህል ነገር ቀርቶበታል፤ ወቅት ማለትም ከዚህ መብሰል ውጪ ከቀን መቁጠሪያ ቁጥር ብዙም አይበልጥም።

ወደ ድርሻ ስናልፍ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቅርጫን ያየ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ በሬው ከታረደ በኋላ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው ማረዱም መግፈፉም ሳይሆን መመደቡ ነው። ቅጠል ተጎዝጉዞ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ ከለስላሳው ትንሽ፣ ከአጥንቱ ትንሽ፣ ከጉበቱ ቁራጭ፣ ከጨጓራው ቁራጭ፣ ለሁሉም ከሁሉም። አንዱ መደብ የጎደለ ከመሰለ ከሌላው ተቆንጥሮ ይጨመርለታል፤ ክርክሩ የሚደምቀውም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ባለድርሻዎቹ እንጨት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የእጃቸውን ይሰጣሉ፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው። እዚህ ላይ የተሠራው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ፍትሕም በእጅ ተሠርቷል፣ ሁሉም እያየ። አንድ ቤተሰብ አንድ በሬ ጨርሶ መብላት አይችልም፤ በሬው ትልቅ በመሆኑ ሰው ሰውን ይፈልጋል። ድፎ ዳቦም በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይና ከታች እሳት አግኝቶ ሲወጣ ከአንድ ገበታ ይበልጣል፤ ጠላም በብርጭቆ ልክ አይጠመቅም። በእጅ የሚሠራ የበዓል ምግብ በጠባዩ ከቤቱ ይተርፋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት ስጦታ የመቀበልንና የመመለስን ግዴታ ይዞ እንደሚመጣ አስረድቷል። የኛን ዓውደ ዓመት ስመለከት አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ፤ ከግዴታው በፊት ትርፉ አለ። መስጠት የሚጀምረው በልግስና ብቻ አይደለም፤ ጋኑ ከቤተሰቡ ስለሚበልጥም ነው። ሱቅ ግን በልክ ይሸጣል፤ አንድ ኪሎ፣ ሁለት እንጀራ። በልክ የተገዛ ነገር አይተርፍም፤ ያልተረፈ ደግሞ በር አያስከፍትም።

ይህን ክርክር የሚፈትን ቦታ ቢፈለግ የአዲስ አበባውን የልደታ ሰፈር የመሰለ አላውቅም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው በዓልም የእመቤታችን ልደት ነው። የዚህ በዓል ዋና ወጉ ከቤት መውጣት ነው። በትውፊቱ ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን የወለዱት ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ነው፣ ያገኙትን እህል ቀቅለው ቀመሱ ይባላል። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ እሳት ያነዳል፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው በአንድ ብረት ድስት ይቀቀላል፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ይፈላል። በአንዳንድ ቦታ የአድባር ልማድ ስለሚቀላቀልበት የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይነቅፋሉ፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚገርመኝ ንፍሮው ነው። ከእህል ሥራ ሁሉ ንፍሮ ቀላሉ ነው፤ ወፍጮ አይሻም፣ ምጣድ አይሻም፣ ባለሙያም አይሻም። የእጅ ሥራ ዋጋው በጥበቡ ነው ለሚል ሰው የግንቦት ልደታ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ምንም ጥበብ የለም። ያለው አንድ ተግባር ብቻ ነው፤ ድስቱ ከጣሪያ በታች ሳይሆን ከሰማይ በታች ተጥዷል።

አሁን ደግሞ ይህ ድስት የሚጣድበትን ሰፈር እንይ። የድሮው ልደታ አብዛኛው ፈርሷል፤ በቦታው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ሰዎቹ ግን ከወረዱ በኋላ የሚጋሩት ደረጃውን ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ያለ ቤት የብረት በሩ ሲዘጋ ደሴት ነው። ቃሉን በምሳሌነት ብቻ አላነሣሁትም። ጣና ላይ ያለው ደቅ እውነተኛ ደሴት ነው፤ ገበሬ አለው፣ ከብት አለው፣ አብያተ ክርስቲያናት አሉት። የጣና ሰው ግን ታንኳ ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ባለቤቱ ደጋግሞ እንደገና ማሰር አለበት። ውሃ በዙሪያው መኖሩ ሰውየውን ከሰው አልለየውም፤ የሚለየው ታንኳ መሥራት የተወ ዕለት ነው። እንዲህ ሲታይ ከደቅ ነዋሪ ይልቅ በአራተኛ ፎቅ የሚኖረው ቤተሰብ ለደሴትነት ይቀርባል። መሻገሪያው አጭር ነው፤ አንድ ኮሪደር። የሚሻገርበት ጉዳይ ግን ማግኘት አለበት፣ ጉዳዩም እንደ ደንገሉ በየወቅቱ የሚታደስ መሆን አለበት።

የሚከብደው ተቃውሞ ከሴቶች በኩል የሚነሣው ነው። «በእጅ የተሠራ» ሲባል የማን እጅ? ዶሮዋን በ12 ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ ሽንኩርቱን ለሰዓታት እያቁላላ ዓይኑ የሚያነባው ማነው? በብዙ ቤት በበዓል ዋዜማ የማትተኛው አንዲት ሴት ናት፤ በማግስቱም ሁሉም ሲቀመጥ የምትቆመው እሷው ናት። የወንዶቹ ሥራ ቅርጫው ነው፤ እሱም በአደባባይ፣ በጨዋታና በሳቅ መሃል ይሠራል። የሷ ሥራ ከግድግዳ ጀርባ ነው። ይህን ሳያነሣ ስለ እጅ ሥራ ውበት የሚጽፍ ሰው የሌላ ሰው ድካም እያሞገሰ ነው። ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ግማሽ መልስ ግን አለኝ፤ ሸክሙ እጅግ የከበደው ሥራው እንደ ድሮው ሆኖ በሩ ሲዘጋ ነው። ግቢው የጋራ በነበረበት ጊዜ ሽንኩርቱን አራት አምስት ሴቶች ከበው ይከትፉት ነበር፤ በኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ማድ ቤት ለሁለት ሰው መቆሚያ የለም። ስለዚህ በዓሉን ከእጅ ሥራ አውጥቶ ለሱቅ መስጠት አንድ መፍትሔ ነው፤ ሥራውን ከግድግዳው ጀርባ አውጥቶ ወንዱም ሴቱም ወደሚታይበት ቦታ ማምጣት ሌላው ነው። ሁለተኛው በማይገኝበት ቤት፣ አንዲት ሴት ሌሊቱን በእግሯ ከምታሳልፍ፣ ዳቦው ይገዛ።

ሌላው ተቃውሞ የታሪክ ነው። ያ ሁሉ መተሳሰብ የእጦት ልጅ ነው ይላል። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ቧንቧ የተጋራው፣ ሽንት ቤት የተጋራው፣ የጎረቤቱን ሳል በጭቃው ግድግዳ የሰማው ወዶ አይደለም። የግል ቧንቧ ያገኘ ሰው በሩን ቢዘጋ ምን ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። እጦት ይመለስ የሚል ሰው እጦትን አያውቀውም። ነገር ግን አንድ ልማድ ከምን ተወለደ የሚለው ጥያቄ ልማዱ ምን ዋጋ አለው የሚለውን አይዘጋውም። ቅርጫ ምስክር ነው። ሉካንዳው ክፍት ሆኖ፣ ብሩም ኪስ ውስጥ እያለ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዛሬም ለፋሲካ በሬ ይገዛሉ፤ ሒሳቡን ብቻ ለሚያሰላ ሰው ግማሽ ቀን በመደብ ዙሪያ መቆም አያዋጣም። ይህን የሚያደርጉት ሥጋ አጥተው አይደለም፤ ድርሻ ፈልገው ነው። «የተገዛውም እኮ የሰው እጅ የሠራው ነው» የሚለውም ትክክል ነው፤ በባልትና ቤት በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች እጅ አላቸው። ከነሱ ጋር ያለን ሒሳብ ግን ብሩ ሲቆጠር ያልቃል። ከጎረቤት ጋር ያለው ሒሳብ አያልቅም፤ ጎረቤትነት ማለትም ይህ ያላለቀ ሒሳብ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ለሚለው ሰው የምንመልሰውን ልብ እንበል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ተናጋሪው የሌላውን መድረስ ነበር ያነሣው፤ መላሹ «አብሮ» ጨምሮ ራሱን ተናጋሪውን ያስገባዋል።

የኮንዶሚኒየሞቹን ንድፍ የሠሩት ሰዎች ይህን ጨርሰው የዘነጉት አይመስለኝም። በግቢዎቹ ውስጥ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ እንዲሠራ ማድረጋቸው ኑሮው በአፓርታማው በር እንደማያበቃ መገመታቸውን ያሳያል። ቤቱ መኖሩ ብቻ ግን ሰው አይሰበስብም፤ ቆርቆሮ የለበሰ ባዶ ክፍል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ግንቦት 1 ቀን ከሕንፃዎቹ መሃል ባለው ግቢ፣ ከቆሙት መኪኖች ፈንጠር ብሎ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ሲጣድ ግን ጭሱ ለአምስቱም ፎቅ እኩል ይደርሳል። የጥበቃ ሠራተኛው ይጠራል። ልጆች ኩባያ ይዘው በደረጃው ይወርዳሉ። ባለፈው ወር የገባው ተከራይ፣ ስሙን ገና ማንም ያልያዘለት፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ አንዷ ጭልፋውን ወደ ላይ አንሥታ «ና እንጂ፣ ሳህን ይዘህ ውረድ» ትለዋለች።